ፊርማ የሌለው ውሳኔ

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አምስት ነበርን። ሥራችን ቀላል ይመስላል፤ ከየክፍሉ የሚመጣውን የዕቃ መጠየቂያ እናያለን፣ ሦስት ፕሮፎርማ መቅረቡን እናረጋግጣለን፣ ዋጋ እናወዳድራለን፣ ቃለ ጉባኤ ጽፈን እንፈርማለን። አንድ ቀን ከጥገና ክፍል ለብረት ሠራተኞች 12 የዓይን መከላከያ መነጽር ይገዛ የሚል ማመልከቻ ደረሰን። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው ፕሮፎርማ ሁለት ብቻ ነበርና መለስነው። ሦስተኛው ተሟልቶ ሲመጣ ሰብሳቢያችን መስክ ወጥተው ስለነበር ስብሰባው ተላለፈ። ሰብሳቢው ሲመለሱ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሒሳብ ክፍል «ለአዲሱ ዓመት ይቅረብ» አለ። በዚህ መካከል አንድ ሸምገል ያሉ ሠራተኛ በግራይንደር ብረት ሲቆርጡ የተፈናጠረ ስንጣሪ ግራ ዓይናቸውን አጠፋው።

ጉዳዩን የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። መዝገቡ ሁሉ ተገላበጠ። አንድም ጥፋት አልተገኘም። ሁለት ፕሮፎርማ ይዞ የመጣን ጥያቄ መመለስ ደንብ ነው። ሰብሳቢ በሌለበት አለመሰብሰብ ደንብ ነው። የተዘጋ በጀት አለመንካትም ደንብ ነው። ቃለ ጉባኤያችን እንደ ነጭ ሸማ የጸዳ ነበር። እኔም የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ራቴን በላሁ።

ለመሆኑ ያን ዓይን ያጠፋው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለዓመታት ከተኛበት የተነሣው ስለ አሜሪካ ጦር የመሣሪያ ግዥ ሳነብ ነው። «ከ12 መነጽር ተነሥተህ ፔንታጎን እንዴት ደረስክ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የገንዘቡ መጠን አይገናኝም። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የራሴን ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። እዚያ የሆነው በትልቅ ፊደል የተጻፈ የእኛው ጉዳይ ሆኖ ታየኝ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር አንድ የጦር መሣሪያ ከሐሳብ ተነሥቶ ወታደሩ እጅ እስኪገባ ሦስት በሮችን ያልፋል። የመጀመሪያው የፍላጎት በር ነው፤ ጦሩ ምን እንደጎደለው፣ የጎደለውም ነገር በእርግጥ አዲስ መሣሪያ የሚጠይቅ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ሁለተኛው የገንዘብ በር ነው፤ ሮበርት ማክናማራ የመከላከያ ሚኒስትር በነበሩበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባስገቡት ሥርዓት መሠረት ወጪው ዓመታትን አስቀድሞ ይታቀዳል፣ በምክር ቤቱም ይጸድቃል። ሦስተኛው የግዥው በር ነው፤ ምክትል ሚኒስትሩ ዴቪድ ፓካርድ በ1971 ባወጡት መመሪያ መሠረት ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ኃላፊ ይሾማል፣ ሥራውም በየደረጃው እየተመዘነና እየተሞከረ ይሄዳል፤ አንዱን ደረጃ ያላለፈ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በ1982 ደግሞ በሁለት የምክር ቤት አባላት ስም ነን–መከርዲ የሚባል ሕግ ወጣ። የአንድ ፕሮግራም ዋጋ ከታቀደው 15 በመቶ ካለፈ ለምክር ቤቱ መነገር አለበት፤ 25 በመቶ ካለፈ የፕሮግራሙ ህልውና ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

እነዚህ በሮች ሥራ ፈት ሰዎች ያቆሟቸው አይደሉም። እያንዳንዱ ሕግ ከበስተኋላው የሆነ ጥፋት አለው። በ1983 የባሕር ኃይሉ ለአንድ መዶሻ 435 ዶላር መክፈሉ ታውቆ አገር ጉድ አለ። (ኋላ ሲታይ የመዶሻው ነገር በከፊል የሒሳብ አያያዝ ውጤት ነበር፤ የኩባንያው ጠቅላላ ወጪ ለትልቁም ለትንሹም ዕቃ እኩል ተከፋፍሎ ነው። ሕዝቡ ግን የሚያስታውሰው መዶሻውን ነው።) በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በመከላከያ ግዥ ላይ ባደረገው ምርመራ ጉቦ የሰጡና የተቀበሉ፣ ምስጢር የሸጡ ከ60 በላይ ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ፤ ከእነርሱም መካከል የባሕር ኃይሉ ረዳት ሚኒስትር የነበሩት ሜልቪን ፔይስሊ ይገኙበታል።

ችኮላም የራሱ ዕዳ አለው። ሳርጀንት ዮርክ የተባለው የአየር መቃወሚያ መድፍ ከሶቪየት አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ጦሩን ቶሎ ያድናል ተብሎ፣ ከተለመደው የሙከራ ጊዜ እየተቀነሰለት ወደ ምርት ገባ። ኋላ ሲፈተሽ ሥራውን የማይሠራ ሆኖ ተገኘና ሚኒስትሩ ካስፓር ዋይንበርገር በ1985 ሰረዙት። እስከዚያ ድረስ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ 50 ያህል ተሠርቶ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰውን የሚለቅምም አልነበረም። እንግዲህ ደንብን የሚያንቋሽሽ ሰው ይህን ሁሉ ማስታወስ ይገባዋል። እኔም ደንብ ለመስደብ አልተነሣሁም።

ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። አሜሪካ በማርች 2003 ኢራቅ ገባች። ዋናው ውጊያ በሳምንታት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን በየመንገዱ ዳር የሚቀበር ፈንጂ ወታደሩን ይፈጀው ጀመር። ወታደሩ የሚንቀሳቀስበት ሐምቪ የሚባለው መኪና በ1980ዎቹ ለማመላለሻ የተሠራ ቀላል ተሽከርካሪ ነው፤ ቆዳው ስስ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ። ፈንጂ ከሥሩ ሲፈነዳ ጠፍጣፋው ሆድ ኃይሉን ሁሉ ተቀብሎ ለተሳፋሪው ያስተላልፋል። ለዚህ መፍትሔው አዲስ ግኝት የሚጠይቅ አልነበረም። በ1970ዎቹ የሮዴዥያና የደቡብ አፍሪካ ኃይሎች ሆዱ እንደ ጀልባ ወደ ታች የሾለ ተሽከርካሪ ሠርተው ነበር። ፍንዳታው የሾለውን ብረት ሲመታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበተናል፤ መኪናው ጎማውን ያጣል፣ ሰው ግን ይተርፋል።

በዲሴምበር 2004 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ኩዌት ውስጥ ወደ ኢራቅ ሊሻገሩ የተዘጋጁ ወታደሮችን ሲያነጋግሩ አንድ ወታደር ብድግ ብሎ፣ መኪናዎቻችንን የምንሸፍንበት ቁርጥራጭ ብረት ለምን ከቆሻሻ መጣያ እንለቅማለን? ሲል ጠየቃቸው። ሚኒስትሩ የመለሱት፣ ሰው ወደ ጦርነት የሚሄደው ባለው ጦር እንጂ በሚመኘው ጦር አይደለም የሚል ነበር። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ግን በማን አንደበት? የሌለውን ነገር እንዲኖር ማድረግ ሥራው በሆነ ሰው አንደበት ሲነገር እውነትም ማምለጫ ሊሆን ይችላል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2005፣ በምዕራብ ኢራቅ ከነበረው የማሪን ጦር አንድ ጥያቄ ተነሣ። አንድ ብርጋዴር ጄኔራል ፈርመውበታል። «አስቸኳይ» የሚል ነው። ብዛቱም በትክክል ተቆጥሯል፤ 1,169 ሆደ ሹል ተሽከርካሪዎች። ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ ኳንቲኮ ወደሚገኘው የማሪን ጦር መሥሪያ ቤት ደረሰ። እዚያም ቆመ።

የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በዲሴምበር 2008 ባወጣው ዘገባ እንዳሳየው፣ የፈንጂው አደጋም ሆነ መከላከያው ተሽከርካሪ ጦርነቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ይታወቅ ነበር፤ ይሁንና አስቀድሞ የተዘጋጀ አልነበረም። የ2005ቱ ጥያቄም በሚመለከተው ክፍል ውስጥ መታየቱ ተቋርጦ ቀርቷል። ልብ በሉ፤ ይህን ለማወቅ አጣሪ ቡድን አስፈለገ፣ ሦስት ዓመትም አለፈ። ጥያቄው የጄኔራል ፊርማ ይዞ ነበር። የቆመበት ቀን ግን እንዲህ በግልጽ የሚነበብ አልነበረም።

የማሪን ጦሩ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ክርክራቸውም መስማት የሚገባ ነው። በጊዜው በእጃችን የነበረው የተሻለ መፍትሔ ተጨማሪ ብረት የለበሰው ሐምቪ ነበር አሉ፤ እርሱንም ገዝተው ልከዋል። ሆደ ሹሉ ተሽከርካሪ ከባድ ነው፣ ይገለበጣል፣ ድልድይ ይሰብራል፣ ከባሕር ተነሥቶ በፍጥነት ለሚዋጋ ጦር አይመችም አሉ። ይህም ውሸት አይደለም። በተጨማሪም ጦሩ ወደፊት ለሚመጣው ሌላ ጦርነት ያቀዳቸው ፕሮግራሞች ነበሩት፤ ለዛሬው የሚወጣው ገንዘብ ከነዚያ ላይ የሚቀነስ ነው። የነገውም ወታደር ወታደር ነው፤ የነገዋም እናት እናት ነች። ይህ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ዕቅድ የሚባለው ነገር በሙሉ የተመሠረተበት ነው። ዛሬ የሚጮኸውን ብቻ እየሰማ የሚገዛ መንግሥት ለነገ ባዶ እጁን ይቀራል።

ነገር ግን የዛሬው ወታደር ሞት እርግጥ ነው፤ የነገው ግን ግምት ነው። ግምቱም ምን ያህል እንደሚሳሳት የዚያው ጦር ታሪክ ያሳያል። ከመርከብ ተነሥቶ ባሕሩን በፍጥነት ሰንጥቆ የብስ ላይ የሚዋጋ ተሽከርካሪ ለመሥራት ለብዙ ዓመታት ደክሞ ነበር። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከወጣበት በኋላ በጃንዋሪ 2011 ተሰረዘ። አንድ ቀን እንኳ አልዘመተም። ለእርሱ የሚሆን ፕሮፎርማ ሁልጊዜ ሦስት ነበር ለማለት ይቻላል፤ ደንቡን ጠብቆ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ ሰነዱን አሟልቶ ይሄድ ነበርና።

ሮበርት ጌትስ በዲሴምበር 2006 ሚኒስትር ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል አንድ ጋዜጣ ሲያነቡ፣ ማሪኖች ጥቂት ሆደ ሹል ተሽከርካሪዎችን ይዘው ከ300 በላይ ጥቃት እንደደረሰባቸውና በውስጡ የነበረ አንድም ማሪን እንዳልሞተ አዩ። የዓለም ትልቁ ጦር ሚኒስትር ይህን ያወቁት ከበታች ሹማምንት ሪፖርት ሳይሆን ከጋዜጣ ነው። በሜይ 2007 ኤምራፕ ተብሎ የሚጠራው ይህ ተሽከርካሪ ከሚኒስቴሩ ግዥዎች ሁሉ ቀዳሚው እንዲሆን በጽሑፍ አዘዙ። ጌትስ ኋላ እንደተናገሩት ከከፍተኛ መኮንኖችና ሹማምንት አብዛኞቹ ሐሳቡን አልወደዱትም፤ መሥሪያ ቤቱ ጦርነትን ለማቀድ እንጂ ለመዋጋት የተደራጀ አልነበረም። ሆኖም ለበርካታ ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ትእዛዝ ተሰጠ፤ ብረቱና ጎማው ቅድሚያ ተሰጠው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ምርቱ በወር ከ1,000 በላይ ደረሰ። በጠቅላላው ወደ 27,000 ያህል ተገዛ፣ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ስንት ሕይወት አተረፈ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንደማይቻል ሲነገር የኖረው ነገር ግን ይቻል እንደነበር ታየ።

እንግዲህ ከፌብሩዋሪ 2005 እስከ ሜይ 2007 ሃያ ሰባት ወር ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥ በጠፍጣፋው ሐምቪ የሞቱት ልጆች ሞት የማን ነው?

ፈንጂውን የቀበረው ሰው ነው የሚል መልስ አለ፤ ትክክል ነው፤ ግን ሁሉንም አይመልስም። ዓይን ያጠፋው ስንጣሪው ነው እንደማለት ነው። ዴኒስ ቶምፕሰን የተባሉ አሜሪካዊ የፖለቲካ ፈላስፋ በ1980 ይህን የብዙ እጆች ችግር ብለውታል፤ ብዙ እጅ የነካው ሥራ ሲበላሽ ጥፋተኛ የሚሆን አንድ እጅ አይገኝም። ከእርሳቸው በፊትም ሐና አረንት ቢሮክራሲን የማንም የማይባል አገዛዝ አድርገው አይተውት ነበር። እኛ ደግሞ የራሳችን አነጋገር አለን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ይህን የምንለው መተባበርን ለማወደስ ነው። እኔ ግን ከዚያ የግዥ ኮሚቴ ወዲህ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። ሎሚው ጥፋት ቢሆንስ? ለአንድ ሰው ጀርባ የሚያጎብጥ ጥፋት ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል ጌጥ ይሆናል። አንዷን ሎሚ በኪሱ ከትቶ፣ እያሸተተ፣ ቤቱ ይገባል።

ይህ ግን ገና ግማሹ ነው። ጥፋቱ ለብዙ ሰው በመከፋፈሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈረሙትን ሁሉ ሰብስቦ መጠየቅ ይቻል ነበር። የከፋው ነገር መዘግየት ፊርማ የሌለው መሆኑ ነው። በግዥ ሥርዓት ውስጥ «ይገዛ» ለማለት ፊርማ ያስፈልጋል። «አይገዛ» ለማለትም ፊርማ ያስፈልጋል። «ይቆይ» ለማለት ግን ምንም አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ስለዚህ ከሦስቱ ውሳኔዎች ቀላሉና አደጋ የሌለበት መዘግየት ነው። የገዛ ሰው ዕቃው ባይሠራ ይጠየቃል። የከለከለ ሰው አደጋ ቢደርስ ይጠየቃል። ያቆየ ሰው ግን ምንም አላደረገም። ጡረታ ይወጣል፣ ሽኝት ይደረግለታል።

አንድ የማሪን ጦር የሳይንስ አማካሪ፣ ፍራንዝ ጌይል፣ በ2008 መጀመሪያ መዘግየቱ ሕይወት አስከፍሏል የሚል ጥናት በስማቸው አወጡ። ምን ደረሰባቸው? በ2010 ምስጢር የማየት ፈቃዳቸው ታግዶ ከሥራ ገለል እንዲሉ ተደረገ፤ ወደ ሥራቸው የተመለሱት በ2011 ነው። በመዘግየቱ ላይ ስሙን የጻፈ አንድ ሰው ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ሆኖ አረፈው።

ጌትስም የፈረሙት ነገር ዕዳ አለው፤ ይህን ካልተናገርኩ ሚዛን መዝረፍ ይሆናል። የተገዛው ተሽከርካሪ ለአፍጋኒስታን ተራራማ መንገድ ከብዶ በ2009 ቀለል ያለ ሌላ ዓይነት መሥራት አስፈለገ። ጦርነቱ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ከሚመለሱ ይልቅ እዚያው ተቆራርጠው የብረት ቁርጥራጭ ሆኑ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩት ለአሜሪካ የከተማ ፖሊሶች ታደሉ። ሆደ ሹል ተሽከርካሪ በከተማ መንገድ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ደቡብ አፍሪካውያን ያውቃሉ፤ ካስፒር የተባለው አባቱ በ1980ዎቹ በጥቁሮች ሠፈር የአፓርታይድ ፖሊስ መንጃ ነበር። ሕይወት ለማትረፍ በጥድፊያ የተገዛ መሣሪያ ከጦርነቱ በኋላ የት እንደሚሄድ ያሰበበት የለም። ይህ ሁሉ በጌትስ ፊርማ ላይ ሊቆጠር ይችላል። ሊቆጠርም ይገባል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእርሳቸው ስሕተት አድራሻ አለው። የምናመሰግነው ወይም የምንወቅሰው ሰው አለ። በሃያ ሰባቱ ወራት ግን የምንወቅሰው ወንበር እንጂ ሰው አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደንቡ ይፍረስ አልልም፤ ሳርጀንት ዮርክን ያየ አይልም። መቆየት አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ጥበብ ነው። እኔ የምለው፣ መቆየት ውሳኔ ነውና እንደ ውሳኔ ይያዝ ነው። «ይህ ጥያቄ ደርሶኛል፤ ለዚህ ምክንያት ይቆያል፤ እስከዚህ ቀን ይቆያል፤ በመቆየቱ ሊጎዱ የሚችሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው» ብሎ አንድ ሰው ስሙን ይጻፍበት። ቀኑ ሲደርስ እንደገና ይፈርም ወይም ይልቀቀው። ይህን የሚያህል ወረቀት በየቢሮው ከሚከመረው ላይ ቢጨመር ቤቱን አያጣብበውም። ብዙዎቻችን ግን እጃችን ይንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ምክንያቱም ያን ጊዜ 12 መነጽር የሚለው ቁጥር 12 ሰው ይሆንብናል፤ 1,169ኙም እንዲሁ። ደንቡን ጠበቅን ብለን መተኛት ያቅተናል። ምናልባት የሥነ ምግባር መጀመሪያው ይህ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው።

እኔ ያኔ አልተንቀጠቀጥኩም። የሚንቀጠቀጥበት ወረቀት አልነበረም። ይህን ስል ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ መነጽሩ የሚሸጥበት ሱቅ ከቢሮአችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበርና፣ ሦስተኛውን ፕሮፎርማ ሄጄ ላመጣው እችል ነበር። ሥራዬ አልነበረም እንጂ።

ያን ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አገኘኋቸው። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ከመሥሪያ ቤቱ የሚያውቁኝ በሰላምታ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም እጄን ይዘው ቆሙ። «እንዴት ነህ ልጄ? ቤት ደህና? ልጆችህ አደጉ?» አሉኝ። ሁሉም ደህና ነው አልኳቸው። የዚያ ኮሚቴ አባል እንደነበርኩ አያውቁም፤ ስማችንን የነገራቸው የለም። ልነግራቸው ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን የመጣልኝ የመጀመሪያ ቃል «ሰብሳቢው መስክ ወጥተው ስለነበር» የሚል ሆነብኝና ተውኩት።